የክርክር ድርሰት፦ «ከተለወጠ በኋላ» እና «ስለ ተለወጠ»

ባለፈው ትምህርት የክርክር ድርሰት በአቋም እንደሚጀምርና በማስረጃ እንደሚደገፍ ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት የምናጠናው ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያገናኘውን የምክንያት አነጋገር ነው። ብዙ ተማሪዎች አቋማቸውን በግልጽ ይናገራሉ፤ ማስረጃም በብዛት ይደረድራሉ፤ ነገር ግን ማስረጃው አቋሙን እንዴት እንደሚያጸና ሳያስረዱ ያልፋሉ። እንዲህ ያለውን ድርሰት አንባቢ ቢያምነው እንኳ ያመነው በድርሰቱ ብርታት ሳይሆን በራሱ ቸርነት ነው።

እኔም ብሆን በዚህ ነገር ተሳስቼ አውቃለሁ። በማስተምርበት ዘመን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «አዲስ መምህር መጣልንና ውጤታችን ከፍ አለ» የሚል ድርሰት ጽፎ አቀረበ። ዐረፍተ ነገሮቹ የተስተካከሉ፣ ጽሕፈቱም ያማረ ስለ ነበረ ከፍተኛ ማርክ ሰጠሁት። ድርሰቱ ለክፍሉ በተነበበ ጊዜ ግን ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «በዚያው ዓመት እኮ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ የተማሪው ቍጥር በግማሽ ቀንሶ ነበር» አለች። ጸሐፊው የሚመልሰው አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም። ማርኩን ግን አልቀነስሁበትም፤ ስሕተቱ ከእርሱ ይልቅ የእኔ ነበርና።

ለዚህ ትምህርት በምሳሌነት የቀረበው ክርክር ከአገራችን ርቆ የተካሄደ ነው። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ስለ አገራችን ክለቦች የሚናገር ምንባብ ቢቀርብላችሁ ገና ሳታነቡት ወገን ለይታችሁ ትጨርሳላችሁ። በሚቀጥለው ምንባብ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምንባብ

በአሜሪካ የሚካሄደው የኮሌጅ እግር ኳስ እናንተ ከምታውቁት እግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይያዛል። በሜዳው ላይ ከየቡድኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። የሚያጠቃው ቡድን ኳሱን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል ወደ ፊት ማራመድ ይኖርበታል፤ ካልቻለ ኳሱን ለሌላው ይለቃል። የሚያጠቁትና የሚከላከሉት ተጫዋቾች የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህም መከላከሉን ብቻ የሚመራ አሠልጣኝ ከዋናው አሠልጣኝ ሥር ይሾማል። የማጥቃቱ መሪ ኳርተርባክ የሚባለው ሲሆን፣ በዚህ ምንባብ «ወርዋሪ» እንለዋለን። እርሱም ኳሱን ሮጠው ለሚያመልጡ «ተቀባዮች» ይወረውራል።

የሚቺጋን ዩኒቨርስቲ በአን አርበር ከተማ ይገኛል። የስታዲየሙ መቀመጫ ለ107,601 ሰው የተዘጋጀ ነው። የቡድኑ ደጋፊዎች ከሁሉ አብልጠው ማሸነፍ የሚሹት የጎረቤቱን ግዛት ቡድን ኦሃዮ ስቴትን ሲሆን፣ ከ2011 በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ሊያሸንፉት አልቻሉም። ከ2016 እስከ 2020 መከላከሉን የመራው አሠልጣኝ ዶን ብራውን ነበር። የእርሱ ስልት ሰው በሰው መያዝ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ ተቀባይ ተመድቦለት በሄደበት ይከተለዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ በብዛት ወደ ወርዋሪው ይሮጣሉ። በ2020 ቡድኑ 2 ጨዋታ አሸንፎ 4 ተሸነፈ፤ ብራውንም ተሰናበተ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ማይክ ማክዶናልድ ከባልቲሞር ሬቨንስ የባለሙያ ቡድን መጥቶ ተተካ። እርሱ ተከላካዮቹ አንዳንድ ጊዜ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ ቀጠና እንዲይዙ አደረገ። ኳሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስም የትኛውን እንደሚይዙ ወርዋሪው እንዳያውቅ አሰላለፋቸውን ይደብቃሉ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 12 ጨዋታ አሸንፎ በ2 ብቻ ተሸነፈ። ኦሃዮ ስቴትንም 42 ለ27 ረታ።

ከዚህ በኋላ በደጋፊዎች መካከል ክርክር ተነሣ። መከላከሉን ያሻሻለው አዲሱ ስልት ነው ወይስ ሌላ ነገር? የሁለቱን ወገን ሐሳብ ለትምህርቱ እንዲስማማ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፤ አነጋገሩ የእኔ ነው።

የስልቱ ደጋፊ እንዲህ ይላል፦ «በ2020 በ6 ጨዋታ 207 ነጥብ ተቆጥሮብናል፤ ይህም በአንድ ጨዋታ በአማካይ 34.5 ነው። በ2021 በ14 ጨዋታ የተቆጠረብን 243 ነው፤ አማካዩ 17.4 ይሆናል። አሠልጣኙ ተለውጦ፣ ስልቱም ተለውጦ፣ የሚቆጠርብን ነጥብ በግማሽ ቀነሰ። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

የተጫዋቾቹ ደጋፊም ይመልሳል፦ «በ2016 በዚያው በብራውን ስልት የተቆጠረብን በአማካይ 14.1 ነበር። ስልቱ የማይረባ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ከዛሬው ባልበለጠ ነበር። በ2020 ኤደን ሃችንሰን ተጎድቶ የተሰለፈው በ3 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2021 ግን ወርዋሪዎችን ኳሱን ሳይለቁ 14 ጊዜ ጥሏል፤ በዩኒቨርስቲው ታሪክ በአንድ ዓመት ከዚያ በፊት ይህን ያህል የጣለ አልነበረም። በናይጄሪያ ተወልዶ በስኮትላንድ ያደገው ዴቪድ ኦጃቦም 11 ጊዜ ጥሏል። ሃችንሰን ባይጎዳ ኖሮ በ2020 ይህን ያህል ነጥብ ባልተቆጠረብን ነበር።»

የምክንያት አነጋገር

ወደ ክርክሩ ፍሬ ነገር ከመግባታችን በፊት የስልቱን ደጋፊ ሰዋስው እንመርምር። «አሠልጣኙ ተለውጦ፣ ስልቱም ተለውጦ፣ ነጥብ ቀነሰ» ብሏል። «ተለውጦ» ቦዝ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ ከማሰሪያ አንቀጹ በፊት የተፈጸመውን ድርጊት ያመለክታል፤ የመጀመሪያው ድርጊት ለሁለተኛው ምክንያት ይሁን አይሁን ግን አይናገርም። «ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ረገፈ» ስንል ምክንያትን እናስባለን። «ፀሐይ ወጥታ ደወል ተደወለ» ስንል ግን ቅደም ተከተልን ብቻ እናስባለን። የአነጋገሩ ቅርጽ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጕሙን የሚለየው የእኛ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ቦዝ አንቀጽ ለተረትና ለታሪክ የተመቸ ሲሆን፣ ለክርክር ግን አደገኛ ነው፤ ጸሐፊው ያላስረዳውን ምክንያት አንባቢው ከራሱ ጨምሮ እንዲያነብ ያደርገዋልና።

እነሆ፣ ይህንኑ ሐሳብ በሁለት መንገድ ግልጽ አድርገን መጻፍ እንችላለን፦

ስልቱ ከተለወጠ በኋላ የሚቆጠርብን ነጥብ ቀነሰ።
ስልቱ ስለ ተለወጠ የሚቆጠርብን ነጥብ ቀነሰ።

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ለማስረዳት ሁለት ቍጥርና አንድ ቀን ይበቃሉ። 34.5 እና 17.4 አሉ፤ ማክዶናልድ የመጣበትም ጊዜ ይታወቃል። ሁለተኛውን ለማስረዳት ግን ቍጥሩ አይበቃም። ስልቱ ነጥቡን በምን መንገድ እንደ ቀነሰ ማሳየት ያስፈልጋል፤ በዚያው ጊዜ የተለወጠ ሌላ ነገር አለመኖሩን፣ ወይም ቢኖርም ብቻውን እንደማይበቃ ማስረዳት ግድ ይሆናል። የስልቱ ደጋፊ ያቀረበው ማስረጃ ለመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚሆን ነው፤ የያዘው አቋም ግን ሁለተኛው ነው። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት «ተለውጦ» በሚለው ቃል ሸፍኖታል። ሆን ብሎ አታልሏል ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት ክፍተቱን ራሱም አላየውም ይሆናል።

«ና» የተባለው መስተጻምርም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። «ስልቱ ተለወጠና ቡድኑ አሸነፈ» ስንል ሁለት ድርጊቶችን እናያይዛለን። «ስልቱ ተለውጧልና ቡድኑ ያሸንፋል» ስንል ግን «ና» የ«ስለ»ን ሥራ ይሠራል። ከላይ የጠቀስሁት ተማሪ «መምህር መጣልንና» ሲል የመጀመሪያውን ቅርጽ ጽፎ ሁለተኛውን ትርጕም ፈልጎ ነበር።

የተጫዋቾቹ ደጋፊ በበኩሉ «ባይጎዳ ኖሮ... ባልተቆጠረብን ነበር» ብሏል። ይህ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ የሚያስብ አነጋገር ነው። በክርክር ውስጥ ብርቱ መሣሪያ ይሆናል፤ ምክንያትን መፈለግ ማለት ያ ነገር ባይኖር ምን ይሆን እንደ ነበር መጠየቅ ነውና። ነገር ግን ያልሆነን ነገር ማንም ስላላየው፣ ተናጋሪው እንዳሻው ሊሞላው ይችላል። ሃችንሰን በተሰለፈባቸው የ2020 ሦስት ጨዋታዎች በቡድኑ ላይ 24፣ 27 እና 38 ነጥብ ተቆጥሯል፤ የተጎዳውም በሦስተኛው ጨዋታ ነው። እንግዲህ ባይጎዳ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይስተካከል ነበር ማለት ይከብዳል። «ኖሮ» የሚለውን ቃል በድርሰታችሁ ውስጥ ስታነቡ ቆም ብላችሁ፣ ይህን ያልኩት ከምን ተነሥቼ ነው ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

«እንዴት?» የሚለው ጥያቄ

የክርክሩ እጅግ ጠቃሚ ክፍል የሚጀምረው የስልቱ ደጋፊ አማካዩን ትቶ ስለ አሠራሩ መናገር ሲጀምር ነው።

«በ2018» ይላል፣ «ኦሃዮ ስቴትን ለመግጠም በሄድን ጊዜ በጥቂት ያርድ የተጠቃ ቡድን በመሆን ከአገሪቱ አንደኛ ነበርን። ያም ሆኖ 62 ለ39 ተሸነፍን። በሚቀጥለው ዓመት በሜዳችን 56 ለ27 ተሸነፍን። ደካማ ቡድኖችን የሚያቆመው ስልት ፈጣን ተቀባዮች ሲመጡበት ፈረሰ። ምክንያቱም ተከላካይ አንድን ሰው ብቻ ሲከተል፣ ሁለት ተቀባዮች ከሜዳው ግራና ቀኝ ተነሥተው መንገዳቸውን መስቀለኛ አድርገው ይሮጡበታል፤ እርሱም በገዛ ጓደኛውና በሌላው ተቀባይ ተጋርዶ አንድ እርምጃ ይቀራል። ፈጣን ሯጭ ደግሞ አንድ እርምጃ ይበቃዋል። ሰውን የሚከተል ተከላካይ ጀርባውን ለወርዋሪው ሰጥቶ ስለሚሮጥ ኳሱ መወርወሩን እንኳ ዘግይቶ ያውቃል። ቀጠናውን የሚጠብቅ ግን ዓይኑን ከወርዋሪው ላይ ሳይነቅል የሚመጣበትን ይቀበላል። ወርዋሪውም የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ጥቂት ይዘገያል፤ ሃችንሰን የሚደርስበትም በዚያች ጥቂት ጊዜ ነው።»

ይህን ከመጀመሪያው ንግግሩ ጋር አስተያዩት። መጀመሪያ ሁለት ቍጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ነገር ሌላውን የሚያመጣበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ አሳየ። «ምክንያቱም» የሚለው ቃል እዚህ ቦታው ነው። ደግሞም የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ለተቃራኒው ወገን የሚሆን ነገር ይዛለች፤ ስልቱ ሃችንሰንን እንደ ረዳው ሁሉ ሃችንሰንም ስልቱን ረድቶታል። በኦሃዮ ስቴት ላይ በተደረገው የ2021 ጨዋታ ብቻ ወርዋሪውን 3 ጊዜ ጥሏል። በዚያው ጨዋታ የሚቺጋን ሯጭ ሃሰን ሃስኪንስ 5 ጊዜ ከግብ መሥመር ስላለፈ ማጥቃቱም ለድሉ ድርሻ አለው። አጥቂው ኳሱን ይዞ በቆየ መጠን ተከላካዩ ያርፋል።

የተጫዋቾቹ ደጋፊም ዝም አላለም፦ «በ2021 ጥቅምት ወር መጨረሻ ሚቺጋን ስቴት 37 ለ33 ሲያሸንፈን፣ ኬነዝ ዎከር የተባለ አንድ ሯጭ ብቻውን 5 ጊዜ አግብቶብናል። ስልቱ ያን ጊዜ የት ነበር?»

ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚያፈርሰው ምንን እንደ ሆነ ለዩ። «አዲሱ ስልት መከላከሉን በሁሉ ረገድ አሻሻለ» ያለ ሰው በዚህ ይረታል። «አዲሱ ስልት መከላከሉን በተለይ በፈጣን ተቀባዮች ላይ አሻሻለ» ያለ ሰው ግን አይረታም፤ ዎከር ኳስ ይዞ የሚሮጥ እንጂ የሚወረወርለት ተቀባይ አይደለምና። «በተለይ» የምትለዋ አንዲት ቃል አቋሙን አሳንሳ አጸናችው። ተማሪዎች «ሁሉ» እና «ፈጽሞ» የሚሉትን ቃላት የሚወዱት ክርክራቸውን የሚያበረቱላቸው እየመሰላቸው ነው፤ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ እንደሚያፈርሳቸው ይዘነጋሉ።

ጊዜ ያመጣው ማስረጃ

በክርክር ውስጥ ምክንያትን ለመለየት አንዱ መንገድ፣ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ሲወገድ ሌላው ሲቀር ምን እንደሚሆን መመልከት ነው። የሚቺጋንም ነገር ይህን ዕድል ሰጥቷል። ከ2021 የውድድር ዘመን በኋላ ሃችንሰንና ኦጃቦ ወደ ባለሙያ ቡድኖች ሄዱ። ማክዶናልድ ራሱም ወደ ባልቲሞር ተመለሰ። በእርሱ ቦታ የመጣው ጄሲ ሚንተር ቀድሞ በባልቲሞር የሠራ ስለ ነበረ ስልቱ ከሞላ ጎደል እንደ ነበረ ቀጠለ። ሰዎቹ ሄደው ስልቱ ቀረ ማለት ነው። በ2022 የተቆጠረባቸው በአማካይ 16.1 ሆነ። በ2023 ወደ 10.4 ወረደ፤ ቡድኑም 15 ጨዋታ ተጫውቶ 15ቱንም አሸነፈ። ጥር 8 ቀን 2024 በመጨረሻው ጨዋታ ዋሽንግተንን 34 ለ13 ረትቶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ።

የስልቱ ደጋፊ እዚህ ላይ ክርክሩን ጨርሻለሁ ሊል ይችላል። እኔም ይህን ትምህርት እዚህ ላይ መፈጸም እወድ ነበር፤ ለማስተማር የተመቸ ነው። ነገር ግን በ2023 ጥቅምት ወር አንድ ነገር ተሰማ። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ሕግ ከ1994 ጀምሮ ወደፊት የሚገጥሙትን ቡድን ጨዋታ ስታዲየም ድረስ ሄዶ መሰለል ክልክል ነው። አንድ የሚቺጋን ቡድን ሠራተኛ ግን ሰዎችን እያሰማራ፣ ተቃራኒ አሠልጣኞች ለተጫዋቾቻቸው የሚሰጡትን የእጅ ምልክት ያስቀርጽ እንደ ነበር ተገለጠ። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ነገሩ ለሦስት የውድድር ዘመናት እንደ ቆየ ከመረመረ በኋላ በ2025 ነሐሴ ወር ዩኒቨርስቲውን በከባድ መቀጮ ቀጣ። እነዚህ ሦስት ዘመናት 2021፣ 2022 እና 2023 ናቸው፤ ማለት የስልቱ ደጋፊ በማስረጃነት የጠቀሳቸው ዓመታት ናቸው። የተቃራኒውን ምልክት ማወቅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ለሚከላከለው ወገን ነው።

እንግዲህ የቀድሞው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ። ነጥቡ የቀነሰው ስልቱ ስለ ተለወጠ ነው ወይስ ምልክቱ ስለ ታወቀ? የስልቱ ደጋፊ የሚመልሰው አለው፤ ሠራተኛው ከታገደ በኋላ ቡድኑ በ2023 የቀሩትን ጨዋታዎች ሁሉ፣ ኦሃዮ ስቴትንና አላባማን ጨምሮ፣ አሸንፏል። ይህ ጥሩ መልስ ነው። ቢሆንም የቀደሙትን ሁለት ዓመታት ንጹሕ ማስረጃ አያደርጋቸውም። በእኔ አስተያየት ከክርክሩ ሁሉ ጸንቶ የሚቀረው የአሠራሩ ማብራሪያ፣ ማለትም የመስቀለኛው ሩጫና የቀጠናው ጥበቃ ነገር ነው፤ ይህን ማንም በጨዋታው ላይ በዓይኑ አይቶ ሊመዝነው ይችላል። አማካዮቹ ግን ከእንግዲህ ብቻቸውን መቆም አይችሉም። አንድ ጥሩ የስልት ደጋፊ ድርሰቱን ዛሬ ቢጽፍ እንዲህ ይጀምር ይመስለኛል፦

«በ2021 በሚቺጋን ቡድን የተደረገው የመከላከል ስልት ለውጥ፣ ምንም እንኳ ብቸኛው ምክንያት ባይሆንና ቡድኑም በዚያው ዘመን ሕግ የጣሰ ቢሆን፣ ፈጣን ተቀባዮችን ለመግታት ከቀድሞው ስልት የተሻለ መንገድ ሰጥቷል።»

በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ምንም እንኳ... ቢሆን» የሚለው አነጋገር ምን እንደሚሠራ አስተውሉ። ተቃዋሚው ሊናገር የነበረውን ጸሐፊው ቀድሞ ተናገረው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚደብቅ ጸሐፊ፣ አንባቢው ከሌላ ሰው በሰማው ጊዜ እውነተኛውን ቃሉን እንኳ አያምነውም።

መልመጃ

ሀ. ከዚህ በታች ያሉት ዐረፍተ ነገሮች በቦዝ አንቀጽ ወይም በ«ና» የተያያዙ ናቸው። እያንዳንዱን አንድ ጊዜ በ«ከ... በኋላ»፣ አንድ ጊዜ በ«ስለ» ጻፉት። ቀጥሎም የትኛው እውነት እንደሚመስላችሁ፣ ለማስረዳትም ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ተናገሩ።

1. አዲስ ድልድይ ተሠርቶ የገበያው ዋጋ ረከሰ።
2. ዝናቡ ዘገየና የጤፉ ምርት አነሰ።
3. ዳይሬክተሩ ተለውጠው የሚያረፍዱ ተማሪዎች ቀነሱ።
4. ልጁ መነጽር ገዝቶ በፈተና አንደኛ ወጣ።

ለ. «ሃችንሰን ባይጎዳ ኖሮ...» የሚለውን አነጋገር መሠረት በማድረግ፣ የተጫዋቾቹ ደጋፊ ሊናገራቸው የሚችሉ ሁለት ሌሎች ዐረፍተ ነገሮችን ጻፉ። ከምንባቡ ውስጥ የሚደግፋቸውንና የሚቃወማቸውን ቍጥር ፈልጋችሁ ከጎናቸው አስቀምጡ።

ሐ. ምንባቡ የተጫዋቾቹን ደጋፊ በ2016 አማካይ፣ ይኸውም በ14.1፣ እንዲከራከር አድርጎታል። የስልቱ ደጋፊ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ አልሰጠም። በእርሱ ቦታ ሆናችሁ መልሱን በአንድ አንቀጽ ጻፉለት። መልስ የለውም ብላችሁ ብታምኑም ለምን እንደ ሌለው በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

መ. በትምህርት ቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ «ይህ ከሆነ ወዲህ ነገር ተሻሻለ» ወይም «ተበላሸ» ሲባል የሰማችሁትን አንድ ነገር መርጣችሁ፣ ከአንድ ገጽ ያላነሰ የክርክር ድርሰት ጻፉ። በድርሰቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ «ምንም እንኳ... ቢሆን» በሚለው አነጋገር አቋማችሁን የሚጎዳ እውነት ጥቀሱ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን በዚያ ነገር ከእናንተ ጋር ለማይስማማ ጓደኛችሁ ስጡት፤ እርሱም ያልተመለሰ ጥያቄ ባገኘበት ኅዳግ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግ።